የአራተኛው ጉድጓድ መርዶ

የከተማዋን ስም አልጠራም። ስም ከጠራሁ ጆሯችሁ ስሙን ይዞ ይሮጣል፤ ነገሩ ግን እዚሁ ወድቆ ይቀራል። ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ወርቅ የሠራት፣ በኋላም ወርቅ ያለቀባት ከተማ ናት በሉ፤ ይበቃል። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው፤ የሸበትኩትም እዚያ ነው። አሁን በምነግራችሁ ነገር ውስጥም እጄ አለበት።

ድሮ ከተማ አልነበረችም። ዝናብ ሲያባራ ሴቶች ወደ ወንዙ ይወርዱና በእንጨት ገበታ አሸዋ ያጥቡ ነበር። ለአንዲት ሙሽራ ጉትቻ የሚሆን ካገኙ፣ ይበቃል ብለው ይመለሳሉ። ኋላ ባለ ነጭ ቆቦቹ መጡ። አባቶቻችን ከየት መጣችሁ ብለው ሲጠይቋቸው "ከንጉሣችን ዘንድ" አሉ። ንጉሣችሁስ የት ነው ሲባሉ "ይመጣል" አሉ። እስኪመጣ ድረስ ሰባት ጉድጓድ ቆፈሩ። ለጉድጓዶቹ ስም አላወጡም፤ አንድ፣ ሁለት ብለው ቆጠሯቸው። ቆይተው ሰዉንም በሚወርድበት ጉድጓድ ቁጥር ይጠሩት ጀመር።

ከተማዋን የሠሯት ለዚያ ለሚመጣው ንጉሥ ነው። ንጉሡ በሠረገላ ሆኖ በዋናው ጎዳና አንድ ጊዜ ያልፋል ተብሎ ስለታሰበ፣ ጎዳናው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤ በግራ ሠላሳ ስድስት፣ በቀኝ ሠላሳ ስድስት ቤት ቆመ። የቤቶቹ ፊት ጥርብ ድንጋይ ነው። ቅስት አላቸው፤ አበባ የተፈለፈለበት ሰገነት አላቸው፤ መስኮቶቻቸው ከሰው ቁመት እጥፍ ይረዝማሉ። ወርቅ የሚመዘንበት ቤት የብረት ፍርግርጉ እንደ ዳንቴል የተሠራ ነበር። የሰዓት ማማም ነበረ፤ ሰዓቱ ግን አንድ ፊት ብቻ ነበረው፣ እሱም ወደ ጎዳናው የሚያየው ነው። በጎዳናው ጫፍ፣ አሥራ ሁለት ዓምዶች ግማሽ ክብ ሠርተው የቆሙለት ቴያትር ቤት ነበረ። እስከ ዛሬም አለ። ፀሐይ ስትገባ ዓምዶቹ የማር መልክ ይይዛሉ፤ ውብ አይደለም ብል እዋሻለሁ።

ከቤቶቹ ፊት ወዲያ ያለው ግን ጭቃና ጭራሮ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮም ነበር። በሠረገላ የሚያልፍ ንጉሥ የቤት ጀርባ አያይምና፣ ለማይታይ ነገር ድንጋይ ማባከን አላስፈለገም። ስለዚህም ሕግ ወጣ። ሕጉ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ "ቤት ጀርባ የለውም" ይላል። እኛ ሁላችን የምንኖረው በዚያ በሌለው ጀርባ ነበር።

ንጉሡ በእርግጥ መጣ። አንድ ጊዜ ነው የመጣው፤ እሱንም ተኝቶ አለፈ ይባላል።

ወርቁ ሲሳሳ ባለ ቆቦቹ ሄዱ። ከተማዋን ስንረከብ ብዙ ነገር ይለወጣል ብለን ነበር፤ የተለወጠው የሹሙ ቆብ ነው። ከዋናው ከተማ የተላከልን ሹም ማዕረጉ ፊት አሳማሪ ይባል ነበር፤ ስሙ ማንያዘዋል። ፊት አሳማሪ ማንያዘዋል ክፉ ሰው አልነበረም። ከተማዋን ይወዳት ነበር፤ የሚወደው ግን የሚያየውን ያህል ነው። አሮጌውን ሕግ ሳይሽር ሌላ ጨመረበት። በዓመት አንድ ቀን፣ የወርቅ ቀን ተብሎ፣ ከሩቅ እንግዶች ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ባለው ወር ሰባ ሁለቱም ቤቶች ፊታቸውን ቢጫ ይቀባሉ። በዕለቱ ከንጋት ጀምሮ እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ከጣሪያ በላይ ጭስ መታየት የለበትም። የጭስ ሹሙ ማማው ላይ ወጥቶ መለከት ይዞ ይጠብቃል፤ እኛ በሶ በጥብጠን ጠጥተን እንውላለን። ከበዓሉ ዘፈን በቀር ድምፅም አይሰማም፤ ለእሱ ደግሞ የዝምታ ሹም አለ። ሕግ የተላለፈ ቤተሰብ ከጀርባ ይነሣል፤ ጎጆው ይፈርሳል። አንድ ጊዜ የተነሡ ሰዎች አቤት ቢሉ፣ ፊት አሳማሪው መዝገብ አገላብጦ፣ በሌለ ቦታ የሚኖር ሰው ሊባረር እንደማይችል፣ ስለዚህም እንዳልተባረሩ አስረዳቸው። በአክብሮት ነው ያስረዳቸው። ውሃም አቀረበላቸው።

እኔ በዚያን ጊዜ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት የቤት ፊት ቀብቻለሁ።

ታሪኩ የዳምጤ ነው። ዳምጤ የከተማዋ ተራኪ ነበር። የተራኪ ሥራ ቢጫ ካባ ደርቦ፣ በወርቅ ቀን እንግዶቹን ከጎዳናው ራስ እስከ ቴያትር ቤቱ እየመራ የየቤቱን ታሪክ መንገር ነው። ፊቱን ወደ እንግዶቹ አድርጎ የኋሊት ይራመዳል፤ እንግዳ ዓይኑን ወደ ጎን እንዳይጥል ታስቦ ነው። ንግግሩ ከላይ ተጽፎ የተላከ ነው፤ አንድ ቃል አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ዳምጤ ሰባ ሁለቱን ቤት በቃሉ ያውቅ ነበር። ቴያትር ቤቱ ፊት ሲደርስ እንዲህ ይላል፤ "ይህ ቤት በአሥራ አንድ ወር ተሠርቶ ያለቀ ነው። በሥራው ላይ አንድ ሰው እንኳ አልተጎዳም።" ድምፁ መልካም ነበር። እንግዶች ያጨበጭቡለታል።

እናቱ ገና በልጅነቱ ሞታበታለች። ያሳደገው አባቱ ጓንጉል ነው። ጓንጉል ግንበኛ ነበር፤ ቴያትር ቤቱን ከገነቡት አሥራ ሁለት ግንበኞች በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። የድንጋይ አቧራ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሲያስል ከግድግዳው ማዶ ይሰማ ነበር።

ጎረቤታቸው እመት ትርንጎ ናት። ባሏ ባንተይርጋ አራተኛው ጉድጓድ ይወርድ ነበር። አንድ ማክሰኞ ወርዶ አልተመለሰም። ባለ ቆቦቹ በአጥር ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ የአራተኛው ጉድጓድ ሰዎች ከወንዙ ማዶ ላለ ሌላ ሥራ ተልከዋል፣ ሲጨርሱ ይመለሳሉ ይላል። አርባ ዓመት አለፈ። ትርንጎ ባሏ ሞቷል ያላት ሰው ስለሌለ አላለቀሰችም፤ መርዶ ያልተነገራት ሴት እንዴት ታለቅሳለች? አለ ያላትም ስለሌለ አልጠበቀችም። ሌላ አላገባችም፤ ሐዘንም አልተቀመጠችም። በየዓመቱ በወርቅ ቀን ቴያትር ቤቱ ፊት ከእንግዶቹ ኋላ ትቆምና፣ ተራኪው ሲጨርስ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ትጠይቀዋለች፤ "አራተኛው ጉድጓድ የት ነው?"

ለእሱም መልስ ተጽፎ ነበር። ዳምጤ "የከተማችን ጉድጓዶች ስድስት ናቸው፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው" ብሎ ይመልስላታል። ከእንግዶቹ መካከል አቆጣጠሩን ልብ ያለ ሰው አላየሁም። እኛ ግን ልብ ብለን ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ነገሩን ግማሽ እናውቀው ነበር። ሙሉውን ላለማወቅ ተጠንቅቀን ነው የኖርነው።

አንድ ዓመት፣ በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ቴያትር ቤቱ ተሰነጠቀ። በስድስተኛውና በሰባተኛው ዓምድ መካከል፣ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ቅስቱ ድረስ፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሆነ። ፊት አሳማሪው ሹሞቹን አስከትሎ መጣ። የቀለም ሹሙ "ሁለት ደርብ ብንቀባው ይጠፋል" አለ። ቀባሁት፤ እኔው ነኝ የቀባሁት። በማግሥቱ ስንጥቁ ቀለሙን ቀድዶ ወጣ። በዚህ ጊዜ ፊት አሳማሪው ዳምጤን ጠርቶ፣ "አባትህ የዚህን ግንብ ጠባይ ያውቃል። ይምጣና ይድፈነው። ካልደፈነው እንግዶች አይመጡም፤ እንግዳ ከሌለ ደግሞ ተራኪ ምን ያደርጋል?" አለው።

ዳምጤ ቤቱ ሲደርስ ጓንጉል ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። የተባለውን ነገረው።

"ያንን ግድግዳ አልነካም" አለ ሽማግሌው።

"አባባ፣ ትንሽ ኖራ ነው የሚፈልገው። እርስዎ ያሳዩኝ፣ እኔ እሠራዋለሁ።"

"ግድግዳው አይደለም የተሰነጠቀው። ከሥሩ ያለው መሬት ባዶ ነው።" ከዚያ ሳል ያዘው፤ ሳሉ ሲለቀው እንዲህ አለ፤ "ተቀመጥ። ሳልሞት ልንገርህ።"

ዳምጤ ተቀመጠ።

"ማክሰኞ ነበር" አለ ጓንጉል። "የአራተኛው ጉድጓድ አፍ ተደርምሶ ሠላሳ አንድ ሰው ውስጥ ቀረ። እኛ አሥራ ሁለት ግንበኞች እዚያው አቅራቢያ ለቴያትር ቤቱ ድንጋይ እንጠርብ ነበር፤ ጠሩን። ለመቆፈር መስሎን አካፋ ይዘን ሮጥን። ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥረውታል። መሐንዲሳቸው ወረቀት ላይ አሰላና ሰዎቹን ለማውጣት ሃያ ቀን ይፈጃል አለ። ንጉሡ የሚመጣበት ቀን ተቆርጧል፤ ቴያትር ቤቱ እስከዚያ እንዲያልቅ ከሥራው የሚያባክኑት ሃያ ቀን አልነበራቸውም። የፈረሰ ጉድጓድም ከጎዳናው ጫፍ ለዓይን ይታያል። ስለዚህ ቴያትር ቤቱ ከታሰበበት ቦታ ይነሣና እዚያ ላይ ይሁን ተባለ። አፉን በድንጋይና በኖራ ሙሉት፣ መሠረቱ እሱ ይሁን አሉን። እምቢ ያለ ወደ ሌላው ጉድጓድ ይወርዳል።"

"ሞተው ነበር?" አለ ዳምጤ።

ጓንጉል አላየውም። "የአየር ቧንቧ ነበር። ከታች ሆነው ቧንቧውን ይመቱት ነበር። ሦስት ጊዜ ይመቱና ያርፋሉ፤ ሦስት ጊዜ ይመቱና ያርፋሉ። ሦስት ቀን ሙሉ። እጃችን መሥራት አልቻለም። ያን ጊዜ አለቃቸው ዝፈኑ አለን። የወርቅ ቀን የምትዘፍኑት ዘፈን እሱ ነው። ግጥሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ዘፈኑን ሁላችን እናውቀዋለን። እንዲህ የሚል ነው፤

ከፍ በል ግንቡ፣ ከፍ በል አንተ፣
ታች ያለውን ይርሳ ላይ የተመለከተ።

"በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ" አለ ጓንጉል፣ "መምታቱ ቆመ። እኛ ግን መዝፈናችንን አላቆምንም። ብናቆም ጸጥታው ይሰማናል።"

ዳምጤ "ለእመት ትርንጎ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሯትም?" አለው።

"መጀመሪያ ፈራሁ። ባለ ቆቦቹ ሲሄዱ ፍርሃቱ ወጣልኝ፤ በቦታው እፍረት ገባ። ፍርሃት የሚያስፈራህ ሰው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። እፍረት የት ይሂድ? ትርንጎ ሳሌን ስትሰማ አብሽ አፍልታ ታመጣልኛለች። ተቀብዬ እጠጣለሁ። በጠጣሁ ቁጥር ነገ እነግራታለሁ እላለሁ።" ከዚያም የልጁን ክንድ ያዘ። "ሽማግሌዎች ሰብስብልኝ። መርዶዋን ልንገራት።"

በአገራችን መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም። ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ ንጋት ላይ በር ያንኳኳል። ዳምጤ በዚያው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ሰበሰበ፤ አንዱ እኔ ነኝ። አባቱ የነገረውን ሳያስቀር ነገረን። ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ እጄን አየሁ፤ ቢጫው ቀለም ከጥፍሬ ሥር አልወጣም ነበር። ከዚያም መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ሆንኩ።

"በዓሉ ይለፍ" አልኩ።

ምክንያቱን ለመደርደር ጊዜ አልወሰደብኝም። ትርንጎ ካለቀሰች የቀሩት የሠላሳ ሰዎችም ቤተሰብ ያለቅሳል። ለቅሶው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይዘልቃል፤ የወርቅ ቀን መካከሉ ላይ ይውላል። የዝምታ ሹሙ ይመጣል፣ ጎጆዎች ይፈርሳሉ። አርባ ዓመት የቆየ መርዶ አሥር ቀን ቢጨምር ምን ይሆናል? ሁለቱ ሽማግሌዎች "እውነት ነው" አሉ። ዳምጤም ተከራከረን ብል ደስ ባለኝ። አልተከራከረንም። ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ ነበር።

ወደ አባቱ ተመልሶ የሽማግሌዎቹን ቃል ነገረው። ከዚያ ቀጥሎ እኛ ያላልነውን ነገር ለመነው፤ ግድግዳውን እንዲደፍንለት። "ካልደፈኑት የሚነሡት እኛ ነን አባባ። ከተነሣን መርዶውን ከየት ሆነን እንነግራታለን?" አለው። ጓንጉል በማግሥቱ መሮውንና ቱንቢውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። ሁለት ቀን በጉልበቱ ተንበርክኮ ስንጥቁን በድንጋይ ጠጠርና በኖራ ሞላው። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ ቀባሁ። ሥራው ሲያልቅ ቀና ብሎ አየኝና "ሁለተኛ ጊዜ ዘጋሁባቸው" አለኝ። እጁን ይዤ አስነሣሁት።

የወርቅ ቀን ቅዳሜ ዋለ። እንግዶቹ መጡ፤ ሰማዩም ያለ ጭስ ጠርቶ ዋለ። ፊት አሳማሪው ጓንጉልን ከዓምዶቹ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ትከሻው ላይ ቢጫ መቀነት አስሮለታል፤ "የከተማችን የመጨረሻ ግንበኛ" ብሎ ለእንግዶቹ አስተዋወቀው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሕዝቡ ዘፈኑን ዘፈነ። እኔም ዘፈንኩ፤ አፌ ለምዶታል። ጓንጉል እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ከእግሩ ሥር ያለውን ንጣፍ ያይ ነበር።

ዳምጤ የኋሊት እየተራመደ መጣ። "ይህ ቤት በአሥራ አንድ ወር ተሠርቶ ያለቀ ነው" አለ። ቀጥሎ ያለው ቃል ዘገየበት። የቀለም ሹሙ የያዘውን የንግግሩን ወረቀት አየ። "በሥራው ላይ..." አለና ቆመ። አባቱን አላየም። "በሥራው ላይ አንድ ሰው እንኳ አልተጎዳም።"

ከኋላ ትርንጎ ጠየቀች፤ "አራተኛው ጉድጓድ የት ነው?"

ዳምጤ ቆጠረላት። ከሦስት ወደ አምስት ሲሻገር ድምፁ አልተሰበረም። በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አሳምሮ ተናግሮ አያውቅም፤ ያሳፈረውም እሱ ነው። ትርንጎ ራሷን ነቀነቀችና፣ በምትሄድበት መንገድ ወደ ወንበሩ ጠጋ ብላ "እንኳን ለዚህ አበቃህ ጓንጉል፣ መቀነቱ አምሮብሃል" አለችው።

ጓንጉል እቤቱ እንደገባ ተኛ። እህል አልቀመሰም። ትርንጎ ያመጣችለትን አብሽ እንዳስቀመጠችው ቀረ። ሰኞ ማለዳ ሞተ፤ ከሰዓት በኋላ ቀበርነው።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ቶሎ ብዬ ባልፈው እወዳለሁ። ጓንጉል ከልጁ በቀር ዘመድ አልነበረውም፤ አልቃሽ አልነበረውም። ያለቀሰችለት ትርንጎ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ከደጃፉ እስከ መቃብሩ ድረስ አለቀሰችለት። ሙሾ አወጣች፤

ድንጋይ አለስልሶ፣ ሰው ያልጎዳ እጁ፣
ጓንጉል ሄደ አሉኝ፤ ተዘጋ ወይ ደጁ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። አርባ ዓመት ያጠራቀመችው እንባ ሁሉ ያን ቀን የወጣ ይመስል ነበር፤ የማያውቅ ሰው ቢያያት ባሏ ነው የሞተው ይላል። ዳምጤ ከሣጥኑ ራስጌ ቆሟል። እኛ ሦስታችን ከግርጌ ቆመናል። አራታችንም እናውቃለን። ከአራታችን አንዱ እንኳ እጇን ይዞ "ተይ፣ ይብቃሽ" አላላትም። ድምፅዋ ሲዘጋ ውሃ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ።

ማክሰኞ ዳምጤ ቢጫውን ካባ አጣጥፎ ወደ ፊት አሳማሪው ወሰደ። ፊት አሳማሪው አጽናናው፤ የአባቱንም ስም በቴያትር ቤቱ ንግግር ውስጥ ለማስገባት እንደሚጽፍ ነገረው። ዳምጤ "ስሙን አያስገቡት ጌታዬ" ብሎ ካባውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ረቡዕ ወደ እኔ መጣ። አልተቀመጠም።

"በዓሉ አልፏል" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ሐሙስ ንጋት ላይ አራት ሆነን ሄድን። መንገድ ላይ ግን ምክር አላጣሁም። "ግንበኞቹን ማንሣት አያስፈልግም" አልኩት። "መርዶ የሟች ነገር ነው። አባትህ ገና አፈሩ አልደረቀም፤ እሷም ሰኞ እንደዚያ ሆናለች። ሁሉን ባንድ ጊዜ አትችለውም።" ለእሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። ዳምጤ መሬት መሬት እያየ ሰማኝ።

በሩን አንኳኳን። ትርንጎ ከፈተችና አራት ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ አየች። ወዲያው ገባት። "ቆዩ" አለችን። ወደ ውስጥ ገብታ ከሣጥን ጥቁር ልብስ አወጣች፤ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል፤ ስንት ዘመን ተጣጥፎ እንደኖረ እሷ ታውቃለች። ለበሰች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ መደቡ ላይ ተቀመጠች። "አሁን ንገሩኝ" አለች።

ዳምጤ ነገራት። ማክሰኞውን፣ መደርመሱን፣ ቧንቧውን፣ ሦስቱን ቀን፣ በላዩ ስለቆመው ቤት ነገራት። ያለ ወረቀት ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር፤ ይደናቀፍ ነበር። የአባቱን ስም አልጠራም። ትርንጎ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ "ባንተይርጋ" አለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስሙን ስትጠራ አልሰማናትም ነበር። ለቅሶው ተነሣ።

እንደፈራነው ሆነ። ቀን ሳይጋመስ ከሰባ ሁለቱ ቤቶች ጀርባ ሁሉ ዋይታ ተነሣ። አባቶቻቸው፣ ወንድሞቻቸው፣ ባሎቻቸው አራተኛው ጉድጓድ የቀሩባቸው ሁሉ ወጡ። ለለቀስተኛ ንፍሮ ይቀቀል ነበርና ጭሱም ከጣሪያ በላይ ወጣ። የጭስ ሹሙ፣ በዓሉ ቢያልፍም፣ መለከቱን ቢነፋ ማን ይስማው? ፊት አሳማሪው ሹሞቹን ሰብስቦ ሲመክር ዋለና ማታ ላይ አዋጅ አስነገረ፤ ከጀርባ የሚሰማው ድምፅ ጀርባ ስለሌለ የነፋስ ድምፅ ነው፣ ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ይላል። ማንም አልደነገጠም። ማንም አልተነሣም፤ በነፋስ ሰው አይከሰስም። አሥር ቀን ጠብቁ ያልንበት፣ ጓንጉልን ግድግዳው ሥር ያንበረከክንበት ያ ሁሉ ፍርሃት አንድ አዋጅ ሆኖ ቀረ። ዛሬም በከተማዋ ሌላ ተራኪ አለ፤ ንግግሩ እንደ ድሮው ነው። ዳምጤ ቱንቢውን ከአባቱ ወርሶ የጭቃ ቤት ይሠራል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ልተወው አስቤ ነበር።

ቅዳሜ፣ በሠልስቱ፣ ትርንጎ አራታችንን አስጠራችን። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ከመደቧ ሳትነሣ ዳምጤን ቀና ብላ አየችው።

"የነገርከኝን ሳሰላስል ሰነበትኩ" አለችው። "አንድ ነገር ዘለልክብኝ። ድንጋዩን ማን ደረደረው?"

ወደ እኔ አልዞረም። "አባቴ" አለ። "ከአሥራ ሁለቱ አንዱ እሱ ነው፣ እመት ትርንጎ።"

ትርንጎ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች።

"ሰኞ ይህን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እነዚህስ?"

"እኛም እናውቅ ነበር" አልኩ።

"ጓንጉል ያኔ ወጣት ነበር" አለች። "ከላዩ አለንጋ ነበረ፣ ታዘዘ። የሱን እሱና ፈጣሪ ይጨርሱት። ሰኞ ቆማችሁ ስታዩኝ፣ እናንተን ማን አዘዛችሁ?"

መልስ ጠበቀች።

"ባሌን መልሱ አልላችሁም፤ እሱን መሬት በልቶታል" አለች። "ያን ቀን ያፈሰስኩትን እንባ መልሱልኝ።"

ቆመን ቀረን። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ውጭ ንፍሮ የሚያማስለው ሰው እንኳ እጁን ሰብስቦ ነበር። ትርንጎ ዓይኗን ከኛ አላነሣችም። ተቀመጡ አላለችንም፤ ሂዱም አላለችንም።